ስማቸው ያልተጻፈ ሟቾች፦ ከሚያዝያ 27 ክርክር ጀርባ ያለው የመዝገብ ጥያቄ

በየዓመቱ ሚያዝያ 27 አራት ኪሎ የድል ሐውልት ሥር የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል። ጎፈር የደፉ፣ ደረታቸው ላይ ሜዳሊያ የደረደሩ አባቶችና ልጆቻቸው ይሰለፋሉ። ቀኑ ሳይመሽ ደግሞ ፌስቡክ ላይ ያው የተለመደው ክርክር ይነሳል። አንዱ «ነጻ ያወጣን እንግሊዝ ነው» ይላል። ሌላው «አርበኛው ባይኖር እንግሊዝ የት ይደርስ ነበር?» ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛው ይመጣና የእኛ ጦርነት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጋር ምንም እንደማያገናኘው ይናገራል።

ክርክሩ ሲጦፍ አንድ ጥያቄ ሳይነሳ ያልፋል። የሞቱት እነማን ናቸው? ስማቸው ማን ይባላል? ስለ ታላላቆቹ አዛዦች የሚያወራ ሞልቷል። ከእነሱ ኋላ ተሰልፎ የወደቀው ሰው ግን እስካሁን አንድ ላይ የተሰበሰበ ዝርዝር የለውም። ይህ የሆነው ስለተናቀ ብቻ ነው ማለት ይከብዳል። ስም ከጦር ሜዳ ወጥቶ ድንጋይ ላይ እስኪቀረጽ የሚያልፍበት መንገድ አለ። መንገዱ የት የት እንደሚቆረጥ ማየት ክርክሩን ትንሽ ያጠራዋል።

(እዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም» የተባለው በእኛ አቆጣጠር፣ «እ.ኤ.አ.» የተባለው በፈረንጆቹ ነው።)

የእኛ ጦርነት የዓለም ጦርነት ነው ወይ?

ከዚህ እንጀምር፤ ብዙ ግራ መጋባት ያለው እዚህ ጋ ነው። የአውሮፓ መማሪያ መጻሕፍት ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የሚጀምሩት ጀርመን ፖላንድን ከወረረችበት ከመስከረም 1939 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ አቆጣጠር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም ጣሊያን መረብን ተሻግሮ ሲገባ ጦርነቱ ገና አራት ዓመት ይቀረዋል። ማይጨው ላይ የወደቀው ወታደርም «የዓለም ጦርነት ሟች» አይባልም።

ሕጋዊ ሰነዱ ግን ሌላ ነገር ይላል። ጣሊያን ከአሸናፊዎቹ አገሮች ጋር በየካቲት 1947 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ የፈረመችው የሰላም ውል ለኢትዮጵያ የተለየ አንቀጽ አለው። አንቀጽ 38 ይባላል። ጣሊያን በኢትዮጵያ ላይ ለፈጸመችው ድርጊት ያለባት ኃላፊነት የሚቆጠረው ከጥቅምት 3 ቀን 1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደሆነ ይደነግጋል። ይህም መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም መሆኑ ነው። ስለዚህ የዓለም ጦርነቱን ከጣሊያን ጋር የዘጋው ውል ራሱ የእኛን ጦርነት ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ያካትተዋል። ታሪክ ጸሐፊዎች በአከፋፈሉ ላይ ሊለያዩ ይችላሉ። የውሉ ቃል ግን አሻሚ አይደለም።

ለዚሁ የፓሪስ ድርድር፣ እነ አክሊሉ ሀብተ ወልድ አገሪቱን ወክለው በተገኙበት ጊዜ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾች ቁጥር አቅርቦ ነበር። በጦር ሜዳ የሞቱ 275,000፣ በወረራው ዘመን ሲዋጉ የወደቁ አርበኞች 78,500፣ በየካቲት 12 ጭፍጨፋ 30,000፣ በማጎሪያ ካምፖች 35,000፣ ተፈርዶባቸው የተገደሉ አርበኞች 24,000፣ በቦምብ ያለቁ ሴቶችና ሕፃናትና ሌሎች 17,800፣ ቤት ንብረታቸው ወድሞ በችግር ያለቁ 300,000። ድምሩ 760,300 ነው። ከካሣው ጥያቄ ውስጥ በውሉ የተፈቀደው 25 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

ቁጥሩን የሚጠራጠሩ አሉ። የተዘጋጀው ካሣ ለመጠየቅ ነው፣ የተጠጋጋ ግምት ነው ይላሉ። እውነት አላቸው፤ 275,000 ሰው አንድ በአንድ ተቆጥሮ የተገኘ አይመስልም። ሌሎች ደግሞ አምስት ዓመት በጦርነት ለታመሰ አገር ከዚህ የተሻለ ቆጠራ ከየት ይመጣል ብለው ይከራከራሉ። ይህም ተገቢ ጥያቄ ነው። ሁለቱም ወገኖች የማይክዱት ግን ከቁጥሩ ሥር የስም ዝርዝር አለመኖሩን ነው።

ስም ድንጋይ ላይ የሚወጣው እንዴት ነው?

ኤርትራ ውስጥ ከረን የሚገኘውን የእንግሊዝ መንግሥታት (የኮመንዌልዝ፣ ማለትም የእንግሊዝና የግዛቶቿ) የጦር መቃብር እንውሰድ። የከረን ውጊያ በመጋቢት 1933 ዓ.ም ሲያበቃ ለጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ ውድቀት በር ከፈተ። መቃብሩ ውስጥ 440 ሰዎች አርፈዋል። ከእነሱ ስማቸው ያልታወቀው 35 ብቻ ናቸው። አጠገቡ በሃይማኖታቸው ሥርዓት አስከሬናቸው የተቃጠለ 285 የሲክና የሂንዱ ወታደሮች መታሰቢያ አለ። አዲስ አበባም ተመሳሳይ መቃብር አለ። ሣሩ ይታጨዳል፣ ድንጋዩ ይጸዳል፣ መዝገቡ ኢንተርኔት ላይ ይፈለጋል።

ይህን የሚሠራው በ1917 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ወታደሩ ሲቀጠር ስሙ፣ ቁጥሩና የቅርብ ዘመዱ ይመዘገባል። ደሞዝ ስለሚከፈለው በየወሩ ስሙ ይጠራል። ሲሞት ክፍሉ ሪፖርት ያደርጋል፤ ደሞዙ ይቆማል፣ ለቤተሰቡ ደብዳቤ ይጻፋል። ኮሚሽኑ ያንን ሪፖርት ይዞ መቃብሩን ይፈልጋል። መቃብር ካልተገኘ ስሙ በጋራ ሐውልት ላይ ይቀረጻል። ልብ በሉ፣ የሰንሰለቱ መነሻ ደሞዝ ነው። ሒሳብ ሹሙ ባይኖር ድንጋይ ጠራቢው የሚቀርጸው ነገር አያገኝም ነበር።

የኮሚሽኑ መመሪያ ከመነሻው ጥሩ ነበር። ማዕረግ፣ ዘርና ሃይማኖት ሳይለይ ሁሉም ሟች እኩል፣ በስሙ ይታሰብ የሚል ነው። ምዕራብ አውሮፓ ውስጥ በአብዛኛው ተፈጽሟል። አፍሪካ ውስጥ የሆነው ግን ሌላ ነው።

መዝገብ እያለ ስም ሲቀር

ናይሮቢ፣ ኬንያታ ጎዳና ላይ የሦስት አፍሪካውያን የነሐስ ሐውልት ቆሟል። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የተሠራ፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ለሞቱ ወታደሮችና ተሸካሚዎች የቆመ መታሰቢያ ነው። በእንግሊዝኛ፣ በስዋሂሊና በዐረብኛ ተጽፎበታል። ከጽሑፉ መካከል ለአገርህ ብትዋጋ፣ ብትሞት እንኳ፣ ልጆችህ ስምህን ያስታውሳሉ የሚል ሐሳብ አለ። ሐውልቱ ላይ ግን የአንድም ሟች ስም የለም።

በዚያ ጦርነት እንግሊዝ ከጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ፣ ከዛሬዋ ታንዛኒያ ጋር ስትዋጋ ጥይትና ምግብ በጀርባቸው የሚሸከሙ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አሰልፋለች። በረሃብና በበሽታ እንደ ቅጠል ረገፉ። ናይሮቢ ውስጥ ካሪኦኮር፣ ዳሬ ሰላም ውስጥ ካሪያኮ የሚባሉት ሰፈሮች ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ የተሸካሚዎች ጓድ የእንግሊዝኛ መጠሪያ፣ «ካሪየር ኮር» ከሚለው ነው። ሰፈሩ ስም ወረሰ፤ ሰዎቹ ግን ያለ ስም ቀሩ።

በሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ. ኮሚሽኑ ራሱ ያስጠናው ሪፖርት ይፋ ሆነ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ከሞቱት መካከል ከ45,000 እስከ 54,000 የሚሆኑት፣ አብዛኞቹ አፍሪካውያንና እስያውያን፣ ከሌሎቹ እኩል አልታሰቡም። ቢያንስ 116,000 ሌሎች፣ ምናልባትም እስከ 350,000፣ በስም አልታሰቡም ወይም ጨርሶ አልታሰቡም። የእንግሊዝ መከላከያ ሚኒስትር ፓርላማ ቆመው ይቅርታ ጠየቁ።

ከሪፖርቱ ያስደነገጠው ነገር ስሞቹ የጠፉበት ምክንያት ነው። የጠፋ መዝገብ አለ፤ ጭራሽ ያልተጻፈም አለ። ሌላ ቦታ ግን ዝርዝሩ በእጅ ላይ እያለ አያስፈልግም ተብሎ ተወስኗል። በ1923 እ.ኤ.አ. የዛሬዋ ጋና የእንግሊዝ አገረ ገዥ የነበረው ጎርደን ጉጊስበርግ የአገሬው ሰው የመቃብር ድንጋይ ትርጉሙ አይገባውም፣ ዋጋም አይሰጠውም የሚል አስተያየት ሰጥቷል። ከዚያ በኋላ ነገሩ በእንደዚህ ዓይነት የቢሮ ደብዳቤ ተቋጨ። አሁን ማካካሻ ተጀምሯል። በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ኬፕታውን ላይ ከ1,700 በላይ የደቡብ አፍሪካ ሟቾች፣ አብዛኞቹ ጥቁር የጦሩ ሠራተኞች፣ እያንዳንዳቸው ስማቸውን የያዘ የእንጨት ምሰሶ ቆሞላቸዋል። አንድ መቶ ዓመት አልፎ ይህ የተቻለው መዝገቡ ስለነበረ ነው። የተደበቀ ስም ይወጣል። ያልተጻፈ ስም ግን ሌላ ጣጣ ነው።

አርበኛው ለምን መዝገብ አልነበረውም?

ወደ እኛ ስንመጣ ሰንሰለቱ ገና ከመነሻው የለም። የአርበኛ ጦር ደሞዝ አይከፈለውም። ስንቁ ከገበሬው ቤት ነው፣ ጠመንጃው የራሱ ነው ወይ ከጠላት የተማረከ ነው። አንድ ሰው ለመኸር ወደ ቀዬው ይመለሳል፤ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ሌላ አለቃ ጋ ይገባል። ማን መጣ፣ ማን ቀረ የሚለውን የሚያውቀው አለቃውና አብሮ አደጉ ነው። አለቃው ሲሞት እውቀቱም አብሮ ይቀበራል።

ስም ራሱ ብዙ ነው። ሰውየው ቤቱ የሚጠራበት ስም አለው፣ የክርስትና ስም አለው፣ ዝነኛ ከሆነም የፈረስ ስም አለው። በላይ ዘለቀን ጎጃም «አባ ኮስትር» ብሎ ነው የሚፎክርለት። አንድ ተራ አርበኛ ሞቶ በቤተ ክርስቲያን ሲታሰብ የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው። ስለዚህ አንድ ደብር ውስጥ የተዝካር ማስታወሻ ቢገኝ «ወልደ ሚካኤል» የተባለው ሰው ጎረቤቶቹ ማን ብለው ይጠሩት እንደነበር አይታወቅም። ሙስሊም አርበኞች ደግሞ በዱዓና በቤተሰብ ትውስታ ነው የሚታወሱት። ለቅሶ አውጪዋ የሟቹን ስምና ሙያ በግጥም ታስቀምጥ ነበር። ግጥሙ እሷ እስካለች፣ የሰማም እስካለ ድረስ ይኖራል።

የውስጥ አርበኞች ጉዳይ ከዚህም ይብሳል። ከተማ ተቀምጠው መረጃ፣ ጥይትና መድኃኒት የሚልኩት ሰዎች ስማቸውን መደበቅ ሥራቸው ነበር። እነ ሸዋረገድ ገድሌን የምናውቃቸው ተይዘው፣ ተሰቃይተው፣ ጣሊያን ድረስ ተወስደው ታስረው ስለተመለሱ ነው። ያልተያዘው ሥራውን በደንብ ሠራ ማለት ነው፤ ወረቀት ላይም የለም።

ይህ የባህል ጉድለት እንዳልሆነ የሚያሳይ ቅርብ ማስረጃ አለን። ከነጻነት አሥር ዓመት በኋላ ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ዘመተ። ከሞቱት ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ስማቸው በዝርዝር ይታወቃል። አገሩ ያው፣ ሕዝቡም ያው ነው። ልዩነቱ ቃኘው ደሞዝ፣ ማዕረግና መለያ ቁጥር ያለው ጦር መሆኑ ነው። በ1933ቱ ዘመቻም ቢሆን ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በሱዳን በኩል የገባው የጌዴዎን ጦር ውስጥ ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ነበር፤ ከስደተኞች ተመልምሎ የሠለጠነ መደበኛ ክፍል። በየካቲት መጨረሻ ከቡሬ ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ ላይ እያፈገፈገ ከነበረ ትልቅ የጣሊያን ጦር ጋር ተጋፍጦ ክፉኛ ተጎድቷል። እንዲህ ያለ ክፍል በጊዜው ሰነድ ውስጥ ዱካው ይገኛል። ግራና ቀኙ ይዋጋ የነበረው የጎጃም አርበኛ ግን በዚያው ሰነድ በጅምላ «አርበኞች» ተብሎ ይታለፋል።

ቁልቋል በር፦ አንድ ተራራ፣ የተለያየ ትውስታ

ከጎንደር ወደ ጣና በሚወርደው መንገድ ላይ ቁልቋል በር የሚባል መተላለፊያ አለ። ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም እዚያ የመሸገው የጣሊያን ጦር ከከባድ ውጊያ በኋላ ወደቀ። ከስድስት ቀን በኋላ ጎንደር እጅ ሰጠች፤ ጣሊያን በምሥራቅ አፍሪካ የነበረው የመጨረሻ ምሽግ አበቃ። ምሽጉን ሲከላከሉ ከነበሩት መካከል የካራቢኔሪ ጦር ይገኝበታል። ካራቢኔሪ የጣሊያን ወታደራዊ ፖሊስ ነው።

የጣሊያን ካራቢኔሪ ይህን ቀን እስከ ዛሬ ያከብሩታል። በየዓመቱ ኖቬምበር 21 የጓዱን ጠባቂ ቅድስት ማርያምን ሲያስቡ የቁልቋል በርን ውጊያና የጓዱን ወላጅ አልባ ልጆችም አብረው ያስባሉ። ለተዋጋው ክፍል የወርቅ ሜዳሊያ ተሰጥቷል። እዚያው ምሽግ ውስጥ ከጣሊያኖቹ ጎን የቅኝ ግዛት ወታደሮችም ነበሩ። ከውጭ የሚያጠቁት ደግሞ ከኬንያና ከአካባቢው የመጡ የእንግሊዝ ጦር አፍሪካውያንና የኢትዮጵያ አርበኞች ነበሩ።

እንግዲህ እዚህ አንድ ዳገት ላይ ከወደቁት መካከል ጣሊያኑ በየዓመቱ የሚታሰብበት ቀን አለው። የእንግሊዝ ጦር አባል የሆነው አፍሪካዊ የጦር ቁጥርና መዝገብ አለው። ምሽጉን የሰበረው የበጌምድር አርበኛ ቀኑም መዝገቡም የለውም። የጣሊያኖቹን ሥነ ሥርዓት በተመለከተ አንዳንዱ የወራሪ ውዳሴ ነው ብሎ ይቆጣል። ሌላው ደግሞ ማንም የራሱን ሙት ማሰብ መብቱ ነው ይላል። በእኔ ግምት የሚያከራክረው ማሰባቸው አይደለም። በክብረ በዓሉ ትረካ ውስጥ ያ ጦር በሰው አገር ተራራ ላይ ምን ይሠራ እንደነበር ሲዘለል ነው ችግሩ።

ማን ይታሰብ የሚለው ፖለቲካ

መዝገብ ቢኖርም ፖለቲካው አይቀርም ነበር። በዓሉ ራሱ ቀን ሲቀያየር ኖሯል። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡበት ሚያዝያ 27 የዘውዱ ዘመን በዓል ነበር። ደርግ ቀኑን ወደ መጋቢት 28 ወሰደው፤ ይህ የእንግሊዝ መንግሥታት ጦር ከተማዋን የያዘበት ዕለት ነው። ኢሕአዴግ ወደ ሚያዝያ 27 መለሰው። ንጉሡን ከታሪኩ ለማውጣት ሲባል በዓሉ የውጭ ጦር በገባበት ቀን ላይ ማረፉ እስከ ዛሬ ግርም ይላል።

ከነጻነት በኋላ አርበኛ፣ ስደተኛና ባንዳ የሚለው ክፍፍል ሹመትና መሬትን የሚወስን ነገር ሆነ። ስደተኛው ከንጉሡ ጋር ተመልሶ ቢሮ ሲይዝ አርበኛው አኮረፈ። በላይ ዘለቀ ራሱ በ1937 ዓ.ም በመንግሥት ተሰቀለ። ሜዳሊያም ቢሆን የሚደርሰው በሕይወት ተርፎ፣ ምስክር ይዞ ለቀረበ ነው። ተሰልፎ የማይጠይቀው ሟቹ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የአስካሪዎች ጉዳይ ነው። አስካሪ የሚባለው ለቅኝ ገዥ ጦር የተቀጠረ የአገሬው ወታደር ነው። ከኤርትራ፣ ከሶማሊያ፣ ከራሷ ከኢትዮጵያም ተመልምለው ለጣሊያን የተዋጉ ብዙ ሺህ ናቸው። ከረን በሚገኘው የጣሊያን መቃብር ውስጥ «ያልታወቀ አስካሪ» የሚል ብቻ የተጻፈባቸው መቃብሮች አሉ። ባንዳ ምን መታሰቢያ ያስፈልገዋል የሚል አለ። ድህነትና የቅኝ አገዛዝ ጫና ያሰለፈው ወጣት ከፋሺስት ሹም ጋር እኩል መታየት የለበትም የሚልም አለ። ሁለቱን ማስታረቅ ከባድ ነው። ሆኖም መመዝገብና ማክበር የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የአንድን ሰው ስም፣ የሞተበትን ቦታና የተሰለፈበትን ወገን መጻፍ ሐውልት ማቆም አይደለም።

አሁን ከየት ይገኛል?

በ1933 ዓ.ም 15 ዓመት የነበረው ልጅ ዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ነው። ከሕያው አፍ የመቀበያው ጊዜ አልቋል ማለት ይቻላል። የቀሩት ምንጮች ግን ሰዎች ከሚያስቡት በላይ ናቸው። የአርበኞች ማኅበር የአባልነት ሰነዶች፣ በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ያሉ የሜዳሊያ ወረቀቶች፣ የቤተሰብ የእጅ ጽሑፎች፣ የደብር ማስታወሻዎች፣ ለንደን ያሉ የጦር ክፍሎች ማስታወሻ ደብተሮች።

ሌላው ምንጭ የጠላት ፋይል ነው። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም መጀመሪያ መንዝ ውስጥ፣ ዘረት አካባቢ፣ አመፀኛ ዋሻ በሚባለው ስፍራ የራስ አበበ አረጋይ ተከታዮች ከነቤተሰባቸው ተጠልለው ሳለ የጣሊያን ጦር ከበባቸው። የመርዝ ጋዝ ተጠቀመ፤ እጅ የሰጡትን ወንዶች ረሸነ። በ2006 እ.ኤ.አ. ጣሊያናዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ ሮም ያለውን የጦሩን ሰነድ ተከትሎ ዋሻው ድረስ ሄደ። አፅሙ እዚያው ነበር። በኋላ አርኪዮሎጂስቶችም ቦታውን አጥንተዋል። የአካባቢው ሰው ነገሩን ከጥንትም ያውቀው ነበር። ሰነዱ የጨመረው ቀን፣ የጦር ክፍልና የአዛዥ ስም ነው።

ይህ አካሄድ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የጣሊያን ሰነድ የገደለውን አርበኛ «ሽፍታ» ብሎ ነው የሚጽፈው፤ ቁጥርም ለአለቃ ደስታ ሊጋነን፣ ለሐፍረት ሊቀነስ ይችላል። የቤተሰብ ትውስታም የራሱ ችግር አለው። አያቱ አርበኛ እንዳልነበረ የሚናገር የልጅ ልጅ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ለአንድ ስም ሁለት የማይገናኙ ምንጮች መጠየቅ፣ ያልተረጋገጠውንም «በቃል የተገኘ» ብሎ ለይቶ መያዝ ያስፈልጋል። በዚህ መንገድ 760,300 ስም አይሞላም። ከወረዳ ወረዳ ግን ጥቂት መቶዎች፣ ምናልባትም ጥቂት ሺዎች ይገኛሉ። ሥራውን ለመጀመር የግድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትና አንድ ደብር ተስማምተው የአንድ ውጊያን ሟቾች ዝርዝር ማውጣት ይችላሉ። ቁልቋል በር ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሩቅ አይደለም።